በሕግ አምላክ

«በሕግ አምላክ!»

ገበሬው ሰጠኝ የበቅሎዋን ልጓም እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቆመ። ይህን ቃል የሰማ ሁሉ ይቆማል። የጮኸችበት ግን በበቅሎዋ ላይ የተቀመጠችው የገዛ ልጁ ባንቺአየሁ ናት።

ከሦስት ወር በፊት ታላቅ ወንድሟ አድማሴ በድንበር ጠብ ሰው ገድሎ ጫካ ገባ። ሽማግሌዎች ሁለቱን ቤት ያስታረቁት የአሥራ አራት ዓመቷ ባንቺአየሁ ለሟቹ ወንድም ለየሻው በደም ማድረቂያ እንድትዳር ነው። እሷን የጠየቀ የለም። ዛሬ የየሻው ቤት ካልደረሰች አድማሴ በተገኘበት ይገደላል።

አብረው የሚሄዱት ሽማግሌ ወልደ ዮሐንስ ተቆጡ። «ምነው ልጄ! ይህ ለሌባ፣ ለቀማኛ የሚባል ነው። አባት በሕግ አምላክ ይባላል?»

«እኔ የገደልሁት ሰው የለም። ምን አድርጌ ነው የምሰጠው?»

«ሕግ ማለት አገር የተስማማበት ነው። አገሩ ደግሞ በዚህ ተስማምቷል።»

«እኔ አልተስማማሁም።»

«አንቺ አገር ነሽ?»

ባንቺአየሁ አለቀሰች። ሰጠኝ ግን አንድ ነገር ትዝ አለው። ጣሊያን በወጣ በሦስተኛው ዓመት፣ በአርማጭሆ በረሃ፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው በሬውን ሲነዳበት እሱም በሕግ አምላክ ብሎ ጮኾ ነበር። ዳኛ የለ፣ ምስክር የለ፤ ቢተኩስበት የሚጠይቅ አልነበረም። ሰውየው ግን ቆመ፤ በሬውንም መለሰለት።

«አያ ወልደ ዮሐንስ፣ ያ ሰው ለምን ቆመ?»

«የቱ ሰው?»

«በአርማጭሆ በሬየን ሲነዳ በሕግ አምላክ ያልሁት። አገር አላየውም እኮ።»

«እግዜርን ፈርቶ ነዋ።»

«ታዲያ እኔስ ማንን ልፍራ?»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለአድማሴ ፍራለት። እሱስ ልጅህ አይደለም?» አሉት።

 ከወንዙ ማዶ የየሻው ዘመዶች ሙሽራዋን ለመቀበል በደስታ ይተኩሳሉ።

ሰጠኝ ባንቺአየሁን ከበቅሎዋ አወረዳት። የጋቢውን ጫፍ ከአዲሱ ነጠላዋ ጫፍ ጋር ቋጠረ። ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቋጥረው ነው ዳኛ ፊት የሚቀርቡት። ጎንደር የአንድ ቀን መንገድ ነው። ዳኛው ምን እንደሚል ሰጠኝ አያውቅም፤ የየሻው ሰዎች ማታ ምን እንደሚያደርጉ ግን ያውቃል።

«ቋጠሮው ጠብቋል?» አላት።

«ጠብቋል፣ አባየ።»

ባዶዋን በቅሎ ለሽማግሌው ትቶ ከልጁ ጋር ወደ ጎንደር ዞረ። አድማሴ ያለበትን ጫካ ላለማየት መሬት መሬት እያየ ሄደ።