የፉል ቀንዶች

አባቴ ሐጅ ደሱቂ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከጊዛ ቤቶች ግድግዳ እባብ እየጠራ ሲያወጣ የኖረ ሰው ነው። በበትሩ ወለሉን መታ መታ ያደርግና በአላህና የእባብ ጠሪዎች ሁሉ አባት በሚባለው በሸይኽ ሪፋዒ ስም ያዘዋል፤ እባቡም ይወጣል። እኔ ልጁ እንሺራሕ ግን ለሥራ ሳይሆን ለፍቅር ብዬ እባብ ማሳደግ ስጀምር ዘመድ አዝማዱ አበደች አለ። «ዓሣ አጥማጅ ቤት ለዓሣ ስም ይወጣለታል እንዴ?» አሉኝ።

ፉልን ከበረሃው ዳር ያመጣሁት ራሴ ነኝ። የአሸዋ ዘንዶ ነው። ዘንዶ ይባል እንጂ ርዝመቱ ከክንዴ አያልፍም፤ መርዝም የለውም። እንደ ተቀቀለ ባቄላ ቡናማ ጣል ጣል ያለበት ስለሆነ ፉል አልኩት። በልብስ ማጠቢያ ሳፋ አሸዋ ሞላሁለት። ቀኑን ሙሉ ተቀብሮ ይውላል፤ ከላይ የሚታዩት ዐይኖቹ ብቻ ናቸው። ከስፌት ፋብሪካ ደክሞኝ ተመልሼ እጄን አሸዋው ውስጥ ስከት፣ ቀስ ብሎ ጣቶቼ ላይ ይጠመጠማል። ሌላ ምንም አያደርግም፤ ለእኔ ግን ይበቃኝ ነበር።

አንድ ዓርብ ጎረቤታችን ሸሓታ፣ ብስክሌት ጠጋኙ፣ ሳፋው ላይ አጎነበሰና አጠገባችን ወደተቀመጠው አባቴ ዞሮ፣

«ሐጂ፣ እባብ መጥራቱን ትተው ትል ማርባት ጀመሩ እንዴ?» አለ።

«ትሉ ካንተ ይሻላል፤ ቢያንስ አይለፈልፍም» አልኩት።

ተሳሳቅን። ነገሩ ግን ከንክኖኛል። አባቴ ዐይኑን ሞራ ከጋረደው ሰንብቷል፤ ድምፄን ግን ያውቃል፤ መከፋቴ አላመለጠውም።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ደጃፍ ላይ ጠበቀኝ። እንዲህ ደስ ብሎት ካየሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

«ነይ እስቲ እዪ። አሁን ትል ነው የሚል ወንድ ይምጣ።»

ከፉል ዐይኖች በላይ ሁለት ቀንዶች ቆመዋል።

የአያቶቻችን ዘዴ ነው። የጃርት እሾህ ጫፍ ይቆረጥና ምስኪኑ የአሸዋ ዘንዶ ራስ ላይ ይተከላል፤ መርዘኛው ባለቀንድ እፉኝት ይመስላል፤ በመውሊድ በዓል ሕዝቡ እየጮኸ ይሸሻል። አባቴ ዐይኑ ባያይም ጣቱ አልረሳም።

«አባዬ፣ ምን አድርገህ ነው?»

«አይጎዳውም። መቶ ጊዜ ሠርቼዋለሁ።»

«ከዚያስ? እባቦቹ ከዚያ በኋላ ምን ሆኑ?»

በዓሉ ሲያልፍ ለነጋዴ ነበር የሚያስረክባቸው። ከሰባት ቀን በላይ አብሮት የከረመ ባለቀንድ ስለሌለ፣ ስምንተኛው ቀን ምን እንደሚያመጣ አያውቅም።

በስምንተኛው ቀን የፉል ራስ አበጠ። አህያና የቤት ጎሽ የሚያክመው ሐኪም ገልበጥ አድርጎ አየውና «ብነቅለው ዐይኑ አብሮ ይወጣል፤ ብተወው መግሉ ይገድለዋል» ብሎ ቅባት ሰጠኝ። ቅባቱን እቀባዋለሁ። እሱ ደግሞ ተፈጥሮው ነውና አሸዋውን በራሱ እየሰነጠቀ ይገባል፤ ቁስሉ ይከፈታል፤ አሸዋ ይሞላዋል። አሸዋውን ደፍቼ ጋዜጣ አነጠፍኩለት። የሳፋውን ወለል በአፍንጫው ሲቆፍር፣ ሲቆፍር ዋለ። ማየት አቃተኝና አሸዋውን መለስኩለት። ብነፍገው መከራ፣ ብሰጠው መከራ። አይጥ ባቀርብለት ዘወርም አላለ። አባቴን ልቆጣው ፈልጌ አልቻልኩም፤ ለእኔ ብሎ ነዋ ያደረገው። ያንገበገበኝም ይኸው ነው።

ከዚያ ዐይኖቹ ከአሸዋው በላይ ሳይታዩ ሁለት ቀን ሆነ። በሦስተኛው ጠዋት አባቴ በትሩን ይዞ መጣና ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«እኔ ልጥራው። እኔ ጠርቼው ያልወጣ እባብ የለም።»

መታ መታ አደረገ። «ግድግዳ ውስጥም ብትሆን፣ ጉድጓድ ውስጥም ብትሆን፣ በአላህ ስም ውጣ።» አሸዋው አልተንቀሳቀሰም። ደግሞ ጠራ። በሦስተኛው ጥሪ «አፉ በለኝ» የሚል ጨመረበት። ይህ በጥሪው ውስጥ የሌለ ቃል ነው።

«ወጣ እንዴ ልጄ?»

እጄን አሸዋው ውስጥ ከተትኩ። ጣቶቼ ላይ የተጠመጠመ የለም። ፉልን አንስቼ አሸዋው ላይ አስተኛሁት።

«ወጥቷል አባዬ።»

እጁን ዘርግቶ ዳበሰው። ሃምሳ ዓመት እባብ የጨበጠ እጅ ነው። ጣቶቹ የማይንቀሳቀሰው የፉል ጀርባ ላይ ቆሙ።

«አዎ» አለ። «ወጥቷል።»