ለተረገጠ እግር

ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህት «ሶሪ» ለማለት የሚቀድማት አልነበረም። ሰው ስትገፋ ሶሪ፣ ደንበኛ በስፒል ስትወጋ ሶሪ፣ አንዳንዴ ወንበር ሲያደናቅፋትም ሶሪ። እንግሊዝኛ ከዚያ ወዲያ አታውቅም፤ ይቺን አንዲቷን ግን እንደ ውሃ ጠጥታታለች። ምላሷ የሚታሰረው ይቅርታ በይ ስትባል ነበር። ታላቅ ታናሹን ይቅርታ ሲጠይቅ የት አይታ!

ነገሩን ያመጣው ከፈይ የሚባለው ጨርቅ ነው። ከፈይ ወደ አንድ ወገን የተኛ ፀጉር አለው፤ አንዱ ቁራጭ ተገልብጦ ከተቆረጠ ቀሚሱ ግማሹ የጠቆረ ግማሹ የነጣ መስሎ ይወጣል። የአንዲት ሙሽራ እናት ቀሚስ እንደዚያ ሆኖ ቁጭ አለ። የቆረጠችው ታላቅየዋ ናት፤ ሴትየዋ ሲጮሁባት ግን «ይቺ ናት፣ ልቧ የት እንደሚሄድ እንጃ!» ብላ አብራት ወደምትሰፋው ታናሿ ጠቆመች። ታናሽየዋ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ሜትር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ሰኞ ልብስ ፋብሪካ ሥራ ልትጀምር ነው ተባለ።

ታላቅየዋ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ጥፋተኛ ሲባል መቼም ቀድሞ የሚቆጣው እሱ ነው። ውሎ ሲያድር ባዶውን ወንበር ማየት አቃታት። እናታቸው ካረፉ ወዲህ ያለቻት እሷ ብቻ ናት፤ ከሄደች ደግሞ እንደማትመለስ ታውቃለች።

እሁድ ከሰዓት እህቷ ቤት ሄደች። ታናሽየዋ ልብስ እየተኮሰች ነበር።

«ሶሪ» አለች ታላቅየዋ፣ ገና ከበሩ ሳታልፍ።

ታናሽየዋ ካውያውን አቆመችው። «እትዬ፣ ትናንት አውቶቡስ ውስጥ እግሬን የረገጠኝ ሰውዬም ሶሪ ብሎኛል እኮ። ምንም አይደል ብዬው ወረድኩ።»

«ታዲያ ምን ልበልሽ?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች እንጂ! ሶሪ ብሎ መሄድ ይቻላል፤ ይቅርታ ያለ ሰው ግን ምን እንዳጠፋ መናገር አለበት። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ይቅርታ አድርጊልኝ። ከፈዩን የገለበጥኩት እኔ ነኝ። እያወቅኩ ነው ባንቺ ያላከክኩት።»

ይህን ብላ ማልቀስ ጀመረች፤ ቀኑን ሙሉ ያጠበቃትን ጫማ እንዳወለቀች ሁሉ ቀለል አላት። ታናሽየዋም ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ልቧ ግን ገና አልለዘበም ነበር።

«ያዋረድሽኝ እዚህ አይደለም፤ ሴትየዋ ፊት ነው።»

«ነገ ጠዋት እንደ አዲስ የሰፋሁላትን ቀሚስ ልትለካ ትመጣለች። ወደ ፋብሪካው ስትሄጂ እለፊ።»

ጠዋት ታናሽየዋ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ ሱቁ በር ላይ ቆመች። ሴትየዋ መስታወቱ ፊት ነበሩ። ታላቅየዋ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ያን ቀን ቀሚስዎን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እህቴ የለችበትም። እርስዎንም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እሷን ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«እኔማ ለሠርጉ ይድረስልኝ እንጂ ማንም ይቁረጠው!» አሉ ሴትየዋ፣ ከመስታወቱ ዞር ሳይሉ።

ታላቅየዋ ስንት ሌሊት እንቅልፍ ያጣችበትን ነገር ሴትየዋ ከቁብም አልቆጠሩት። ታናሽየዋ ግን ሰምታለች። ቦርሳዋን ግድግዳው ላይ ሰቅላ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ አጥልቃ፣ ከእህቷ ጎን ተንበረከከች። አንዷ የቀሚሱን ጠርዝ ስትይዝ ሌላዋ ስፒል ትሰካ ጀመር።

«ውይ፣ ሶሪ!» አለች ታናሽየዋ፤ የእህቷን ጣት ወግታት ነበር።

ታላቅየዋ ጣቷን እየመጠጠች ሳቀች። «ለዚህስ ሶሪም ይበቃል» አለች።