ካቦው መጣ!

ኢቲቻ በቡራዩ የድንጋይ ካባ ያለውን ሥራ ጥሎ ሰበታ ለጊታር ውድድር ሲሄድ፣ ካቦውን «አክስቴ ሞታለች» ብሎት ነበር። ካቦው ደግሞ ዋሽቶ የቀረ ሠራተኛ ሲያገኝ ጩኸቱ ጭልፊት ከሰማይ ያወርዳል።

አዳራሹ ውስጥ የግሪክ፣ የህንድና የጣሊያን ወጣቶች ጊታራቸውን ታቅፈው ተራ ይጠብቃሉ። አንደኛ የወጣ ሮም ሄዶ ይማራል። ኢቲቻ ላብ በላብ ሆኖ እንደ ጨረሰ፣ ጣሊያኑ ዳኛ ብድግ አሉና «ዳ ካፖ!» ብለው ጮኹ።

የኢቲቻ ጆሮ ግን የሰማው «ካቦ» ነው።

«ያ ዋቃ! ካቦው መጣ!» ብሎ ከነጊታሩ መስኮቱ ላይ ወጣ። አንድ እግሩን ወደ ውጭ እንዳሻገረ፣ የሰበታዋ ተወዳዳሪ ማሪቱ ኮቱን ጨምድዳ ያዘችው።

«አንተ ጉደኛ! ከመጀመሪያው ድገመው ነው የሚሉህ!»

«ኢቲቻ ይሙት በይ!»

«ኢቲቻ ይሙት! ካልደገምክ ትወድቃለህ!»

ቢያምናትም ከመስኮቱ አልወረደም። እዚያው እንደ ፈረስ ተፈናጦ፣ ዓይኑን ከበሩ ሳይነቅል ደገመው። ፍርሃት ጣቶቹን ሲያስጋልባቸው ክሮቹ ጭስ አወጡ፤ የአዳራሹ ቆርቆሮም በጭብጨባ ተነሥቶ ተመለሰ።

ቀጥሎ የተጠራው የግሪክ ልጅ ወንበሩን ገፋና «ለእኔም መስኮት ይሰጠኝ» አለ። ህንዱም እንደዚያው። ሁሉም በየተራ መስኮት ላይ ወጡ፤ ኢቲቻን ግን ከአንደኝነቱ ያወረደው የለም።