የዘለልኳቸው ገጾች

ወንዝ ሽቅብ ሲፈስ ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። ሠላሳ ዓመት መሬት ስቀይስ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሰፈሩም ሆስፒታሉም «ሜትር» እያለ ነው የሚጠራኝ። በስተእርጅና ኩላሊቶቼ ሥራ ሲያቆሙ፣ በሳምንት ሦስት ጠዋት እጥበት ክፍል ከማሽን ጋር ተያይዤ ሽቅብ ስለሚፈስ ወንዝ ጮክ ብዬ ማንበብ ዕጣዬ ሆነ።

መጽሐፉ የእኔ አይደለም። ከጎኔ ያለው ወንበር ላይ የሚቀመጡት ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህርት ናቸው ባለቤቱ። ስኳር ዓይናቸውን ስለወሰደባቸው ራሳቸው ማንበብ አይችሉም። ልጃቸው ገዝታ ያመጣችላቸው፣ ዘጠኝ መቶ ገጽ የሚሆን፣ ለትራስ የሚበቃ ልብ ወለድ ነው፤ ጠንቋዩ፣ ባለ ክንፉ ፈረስ፣ የሚናገረው ተራራ፣ የሌለ ነገር የለም። መጀመሪያው ላይ ካርታ አለው፤ ካርታው ግን ስኬል የለውም። ልዑሉ አርባ ቀን የሚያስኬደውን መንገድ በግማሽ ቀን ጋልቦ ሲደርስ ቆሽቴ አረረ።

«ሲስተሯ ብታነብልዎት አይሻልም?» አልኳቸው በመጀመሪያው ሳምንት። ሲስተሯ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ነፍሷ ነው፤ ሥራዋን እየሠራች ጆሮዋ እኛ ጋ ነበር።

«አንተው አንብብልኝ» አሉ። «ድምፅህ ደስ ይለኛል።»

ድምፄን ሚስቴ እንኳን አመስግናው አታውቅም። ሰው ነኝና ደስ አለኝ።

አንድ እጄ ከማሽኑ ጋር ታስሯል፤ መጽሐፉን የምይዘውም የምገልጠውም በሌላው ነው። በሁለተኛው ሳምንት የጠንቋዮች ጉባኤ የሚባል ምዕራፍ መጣ። ሃያ ሁለት ጠንቋዮች ተራ በተራ ስማቸውን ከነአያታቸው ይናገራሉ። ደሜ ማሽኑ ውስጥ ሆኖ ፈላ። በአውራ ጣቴ አንድ ቅጠል ልገልጥ ብዬ አሥሩን አንድ ላይ ገለጥኳቸው። መምህርት ዝም አሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ይያዘኝ? ጫካው ሲረዝም ጫካውን፣ ጦርነቱ ሲረዝም ጦርነቱን ዘለልኩ። በሰባተኛው ሳምንት ማክሰኞ ዕለት ልዑሉ ሞቶ ተቀበረ። ሐሙስ ንባቡን ስናቆም የቀረችን የመጨረሻዋ ምዕራፍ ብቻ ነበረች።

ሐሙስ ስወጣ ልጃቸው ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝ። ሆዷ ገፍቷል፤ ግድግዳውን ተደግፋ ነው የቆመችው።

«ጋሼ፣ ላመሰግንዎት ነው» አለችኝ። «እማዬ እጥበቱን ልታቆም ነበር። ደክሞኛል፣ በቃኝ አለች። ሐኪሙም መብቷ ነው አለኝ። አልቅሼ ስለምናት፣ እሺ፣ አንድ መጽሐፍ ግዢልኝና እሱ ሲያልቅ አቆማለሁ አለችኝ። ሱቁ ውስጥ ካለው ሁሉ ወፍራሙን መርጬ ገዛሁ።»

ክው አልኩ።

«ልወልድ ሁለት ወር ነው የቀረኝ። እማዬ ቃሏን አታጥፍም፤ ካለች አለች ነው። የልጅ ልጇን ካቀፈች ግን ሐሳቧን ትለውጥ ይሆናል። ባትለውጥም አይታው ትሄዳለች። አሁን ሦስት መቶኛው ገጽ ላይ ናችሁ አይደል?»

«እዚያው አካባቢ ነን» አልኩ። ዋሸኋት። ገጽ ስምንት መቶ ሰማንያ አራት ላይ ነበርን። እውነቱን ብነግራት መላ ትፈልግ ነበር፤ እኔ ግን አፈርኩ፣ ፈራሁም።

መጽሐፉ እኔ ጋ ነው የሚያድረው፤ አርብን ሙሉ እህል በአፌ ሳይዞር የዘለልኳቸውን ገጾች ሳገላብጥ ዋልኩ። «በተረት እንዲህ የሚሆን ሽማግሌ ዛሬ አየሁ» አለች ሚስቴ። መላው አንድ ብቻ ነው፤ ተመልሼ እነሱን ማንበብ። ስድስት መቶ ገጽ ስንቅ አለኝ። ሴትዮዋ የት እንደደረስን ረስተው ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ቅዳሜ መምህርት ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ አዲስ ሹራብ ለብሰው መጡ። አልወደድኩትም። የጠንቋዮቹን ጉባኤ ጀመርኩ። ሃያ ሁለቱንም ከነአያታቸው አነበብኩ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀስ ብዬ አንብቤ አላውቅም። ከዚያ ልዑሉ ገባና ውኃ ጠየቀ።

«ቆይ» አሉ መምህርት። «ይሄን ሰውዬ ማክሰኞ ቀብረነው አልነበር?»

«ይሄኛው... ሌላ ልዑል ነው።»

«ሜትር» አሉኝ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፤ «አርባ ዓመት ተማሪ ሳስነብብ የኖርኩ ሴት ነኝ። የዘለለ ተማሪ ከድምፁ ይታወቃል።»

«መቼ አወቁ?» አልኳቸው።

«የመጀመሪያዋን ቀን። ሳትዘል በዋልክባቸው ቀናት እንዲያውም እናደድብህ ነበር።» እየሳቁ ነው የሚናገሩት። «ሲስተሯ ብታነብልኝ አንዲት ቃል አታስቀርም። አንተ ግን በካርታው ስትነጫነጭ ሰማሁና፣ ይሄ ሰው ቶሎ ይገላግለኛል አልኩ።»

«ልጅዎ ልትወልድ ነው እኮ» አልኳቸው። «ሁለት ወር መጠበቅ አቅቶዎት ነው?»

ሳቃቸው ቆመ። «ሁለት ወር ሃያ አራት ጊዜ እዚህ መምጣት ነው። አንተም ታውቀዋለህ። እሱን እንኳን እችለው ነበር። ልጁን አንዴ ካቀፍኩት ግን ጥዬው መሄድ አልችልም፤ የምፈራው እሱን ነው።»

መጽሐፉን ዘግቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። «እስክትወልድ አንዲት መስመር አላነብም» አልኩ። «ከፈለጉ ይቆጡኝ።»

አልተቆጡም። «ሲስተር» ብለው ተጣሩ፤ «ሜትር ጉሮሮው ደርቋል። የመጨረሻዋን ምዕራፍ አንቺ ጨርሽልኝ።»

ሲስተሯ ምን ታውቃለች? ደስ ብሏት መጣች። መጽሐፉን ልታነሳ ስትል ያዝኩት፤ በአንድ እጅ ምን ይያዛል። «አታንቢ፣ እባክሽ» አልኳት። ምክንያቱን ብነግራት ምን ብዬ? መጽሐፉ ሲያልቅ ሰው ይሞታል ብዬ? «እርስዎ አይወዱትም እንጂ እኔ እወደዋለሁ» ብላ ሳቀችብኝና በመካከላችን ቆማ ጀመረች። ጎበዝ አንባቢ ናት፤ አንዲት ቃል አላስቀረችም። መምህርት ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። እኔ የቀሩትን ቅጠሎች አያለሁ፤ ስድስት፣ አምስት፣ አራት። ያ መጽሐፍ አንድም ቀን አጥሮብኝ አያውቅም፤ ዛሬ አጠረብኝ።

ሲስተሯ የመጨረሻውን ቅጠል ስትገልጥ በሩ ተከፈተ። ልጅቱ ሆዷን ደግፋ ገባች፤ ደረጃ ወጥታ ነውና ፊቷ በላብ ርሷል። እኔን አይታ ፈገግ አለች።

«የት ደረሳችሁ?» አለች።

እናቷ ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጃቸውን ዘረጉላት።

«ነይ ልጄ» አሉ። «ጨረስን።»