ካዝናው ከእማ ጋር ነው

1.

«ዝገቱን አትንኩት» አለ ሰውየው። «ዝገቱም ዋጋ አለው።»

2.

ሰውየው አቶ ይርሳው ይባላል። ለሰብሳቢዎች የጥንት የጦር መሣሪያ ዋጋ የሚገምት ነው። ቢያዝን የሚባለው ወንድሜ ነው ቤቴ ድረስ ይዞት የመጣው፤ የአባታችንን ሽጉጥ በጨርቅ ጠቅልሎ። አባታችን ወታደር ሳለ የታጠቀው ነው።

እማ አልጋዋ ላይ ተኝታለች። ቢያዝን ደጄን ከረገጠ ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬም ገብቶ ሰላም እንኳ አላላትም።

አቶ ይርሳው የግምት ወረቀቱ ላይ «ቁጥር»፣ «ይዞታ»፣ «ባለቤት» እያለ በተራ ቁጥር ይሞላል፤ እኔም እንደሱ በቁጥር እየለየሁ እጽፋለሁ። የተማርኩት አራተኛ ክፍል ድረስ ነው። ቁጥር ግን አይጠፋኝም።

3. ቁጥር

አቶ ይርሳው መነጽሩን አድርጎ ሽጉጡን አገላበጠው። አፈሙዙ ላይ ቁጥር አለ። እጀታው ላይም ያው ቁጥር።

«ካዝናውስ? ጥይቱን የሚጎርሰው?»

«እኔ ዘንድ የለም» አለ ቢያዝን። ዓይኑ እኔ ላይ ነው።

«ያው ቁጥር ያለበት ካዝና ከተገኘ ሰብሳቢ ይሻማበታል። ካልተገኘ ተራ ብረት ነው።»

ብረት።

4.

አባታችን ሲሞት ሽማግሌዎች ንብረቱን አካፈሉን። ቤቱም ሽጉጡም ለቢያዝን ሆነ፤ ወንድ ነዋ። እኔ ድርሻዬን ብዬ ድርቅ አልኩ። ቢያዝን ካዝናውን ከሽጉጡ መዘዘና እግሬ ሥር ወረወረው።

«በይ፣ ድርሻሽ ይኸው። እናትሽንም አብረሽ ውሰጃት።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እማ እዚያው ቁጭ ብላ ትሰማ ነበር።

ሁለቱንም ወሰድኩ።

5.

«እታለም» አለኝ ቢያዝን። እታለም ብሎኝ አያውቅም። «ካዝናዋን አልጣልሻትም አይደል?»

«አልጣልኩም።»

«ታዲያ የት አለች?»

«እናትህ ሥር።»

የእማ አልጋ አንድ እግሩ አጭር ነው። በካዝናው ደግፌዋለሁ። ቢያዝን በሆዱ ተኝቶ አልጋው ሥር ገባ። ፖፖዋ አፍንጫው ላይ ደረሰ። አላነሳሁለትም።

6. ቁጥር

የካዝናው ቁጥር ከሽጉጡ ገጠመ።

አቶ ይርሳው ከንፈሩን ላሰ። «እነዚህ እንግዲህ አይለያዩም። ከተለያዩ ዋጋ የላቸውም። ገዢው ሆቴል ሆኖ እየጠበቀን ነው።»

«ልክ ነዎት» አልኩት። «የኔም ድርሻ አይለያይም። ካዝናውን የወሰደ እማን ይወስዳል። ዛሬውኑ።»

7. ይዞታ

ቢያዝን እማን ያኔ አያት። አቶ ይርሳው ሽጉጡን እንዳየው አድርጎ፣ ከላይ እስከ ታች።

«ትነሳለች?»

«አትነሳም።»

«ትበላለች?»

«ካጎረስካት።»

«ጆሮዋስ?»

«ደህና ነው። ይኸው እየሰማችህ።»

«እና ምን ያህል ጊዜ…» አለና ተወው።

«እሱን ገማችህን ጠይቀው» አልኩት።

አቶ ይርሳው መነጽሩን ይወለውላል።

8.

ይቺ ጨካኝ ትሉኝ ይሆናል። በሉ። ይህን የሚጽፈው እጅ ጀርባዋ እንዳይቆስል በየሌሊቱ ሲያገላብጣት የኖረ እጅ ነው።

9.

ካዝናው ከሥሩ ስለወጣ አልጋው አጋደለ። እማ ቀስ እያለች ወደ ግድግዳው ተንሸራተተች። ቢያዝን ካዝናውን ይዟል። እኔ በሩን ይዣለሁ። እሷን የያዘ የለም።

ፊቷን ሳታዞር ጠየቀች፤

«ማን ወሰደኝ?»

10. ባለቤት