ከብት ተከትለው ሄዱ የተባሉት

ጉተማ አዳማ ባቡር ጣቢያ አጠገብ በነበረው የፈረንሳዊው ሐኪም የሙሴ ብሪዮ ሕክምና ቤት አስተርጓሚም ቁስል አጣቢም ሆኖ ሰባት ዓመት ሠርቷል። ፈረንሳይኛውን ድሬዳዋ ከሚሲዮኖች ነው የተማረው። ሐኪሙ ለወባ ንዳድ አዲስ መርፌ አስመጥቶ መቂ ወርዶ ሲሞክር፣ ሰዉን አሳምኖ ክንዱን ያስዘረጋው እሱ ነበር። ስልሳ ሁለት ሰው ተወጋ። የአጎቱ የሆራ ልጅ ቡዜ ፈርታ ስትሸሽ «እኔ እያለሁ ምን ትሆኛለሽ?» ብሎ እጇን ይዞ አስወጋት።

በሳምንቱ ዓይኗ ቢጫ ሆነ፤ በዘጠነኛው ቀን ሞተች። እሷን ጨምሮ አሥራ አራት ሰው አለቀ። ሐኪሙ ያኔ አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ጉተማ የሟቾቹን ስም ከነሞቱበት ቀን ጽፎ ሰጠው።

በዓመቱ በጅቡቲ በኩል የሐኪሞች መጽሔት መጣ። ጉተማ ጥቅሉን ሲፈታ የጌታውን ስም አየና ደስ ብሎት ቆሞ ማንበብ ጀመረ። ስልሳ ሁለት ሰው ታክሟል ይላል፤ አርባ ስምንቱ ድነዋል። የቀሩት አሥራ አራቱ ዘላኖች ስለሆኑ ከብታቸውን ተከትለው ሄደዋል፤ የሞተ የለም።

ደግሞ አነበበው። ፈረንሳይኛው የጠፋበት መሰለው።

መጽሔቱን ሲያገላብጥ መጨረሻው ላይ ለአዘጋጁ የተላኩ ደብዳቤዎች አገኘ። አንዱ ሐኪም ባለፈው ወር የወጣውን ጽሑፍ ጠቅሶ «ቁጥርህ ተሳስቷል» ይላል፤ ጸሐፊው ደግሞ «እውነትህን ነው፣ አርሜያለሁ» ብሎ ይመልሳል። ጉተማን ገረመው። እዚያ ትልቅ ሰው ተሳሳትክ ይባላል፣ የተባለውም አይቆጣም።

እሁድን ሙሉ ለአዘጋጁ ሲጽፍ ዋለ። ሚስቱ ዘርፉ ጥጧን እየፈተለች፣

«ምን ብለህ ነው የምትጽፈው?» አለችው።

«የሞቱት ሞተዋል ብዬ።»

«ይህንንማ መቂ ሁሉ ያውቀው የለ?»

«መድኃኒቱን የሚያዘው መቂ አይደለማ፤ ይህን መጽሔት የሚያነበው ሐኪም ነው።»

መርፌው ገደላቸው ብሎ አልጻፈም፤ በዚያ እርግጠኛ አልነበረም። የአሥራ አራቱን ስም፣ የተወጉበትንና የተቀበሩበትን ቀን ዘርዝሮ ከሟቾች እንዲቆጠሩለት ለመነ። የቡዜ ስም ላይ ሲደርስ ቀለሙ ፈሰሰበት፤ ወረቀት ቀይሮ እንደገና ጀመረ። ሰኞ ጠዋት ወስዶ ፖስታ ቤት ሰጠ።

መልሱ በአምስተኛው ወር መጣ፤ አራት መስመር ነው። መጽሔቱ የሐኪሞችን ደብዳቤ ብቻ ይቀበላል። ደግሞም ጽሑፉ ከወጣ ቆይቷል። ቢሆንም ለአክብሮት ሲባል ደብዳቤው ለራሳቸው ለሙሴ ብሪዮ ተልኳል።

ጉተማ ቀና ሲል ሐኪሙ እሱ የጻፈውን ደብዳቤ ይዞ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። አልጮኸም።

«ጉተማ፣ ንዳድ ድሮም ይገድላል» አለው። «መርፌው ገደላቸው ብዬ እንዴት ልጻፍ?»

«ገደላቸው ይበሉ አላልኩም ጌታዬ፤ ሞተዋል ይበሉ ነው ያልኩት። ስማቸውን ሰጥቼዎት ነበር።»

«ከብት ተከትለው የሄዱም ይኖራሉ።»

«አስከሬናቸውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ።»

ሐኪሙ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ነገ አትምጣ» አለው።

የመስቀል ሰሞን የመርፌ ሣጥን ከባቡር ሲራገፍ ጉተማ አየ። በእሱ ቦታ የተቀጠረው አብዱናሲር ነገሩን አጫወተው። አንድ የሩቅ አገር ሐኪም የሙሴ ብሪዮን ጽሑፍ አንብቦ፣ መርፌውን ለሁለት መቶ ሰው ሰጥቼ በጣም ረክቻለሁ ብሎ ለአዘጋጁ ጽፏል፤ ደብዳቤው ታትሟል። አሁን መድኃኒቱ ከመቂ እስከ ቡልቡላ ሊዳረስ ነው።

ጉተማ በቅሎ ተውሶ እነሐኪሙን ቀድሞ መቂ ደረሰ። ሰዉ ግራሩ ሥር ተሰብስቦ ሐኪሙን ይጠብቃል።

«አትወጉ!» አላቸው። «ሰው ያለቀበት መርፌ ነው!»

መሰለች የምትባል ሴት ልጇን አዝላ ወደ ፊት መጣች። «ሐቻምና ተወጉ ያልከን አንተ አይደለህም? ከሥራ ሲያባርሩህ ነው መጥፎ የሆነው? እኔን ያዳነኝ እሱው መርፌ ነው።»

«ለፈረንጆቹ ጽፌ ነበር እኮ።»

«ታዲያ ምን አሉህ?»

ከሰዉ መሃል ሽማግሌው ሆራ በከዘራው እየተመራ መጥቶ የጉተማን ክንድ ያዘ።

«ልጄን ጻፍካት?»

«ጻፍኳት አጎቴ።»

«አነበቧት?»

«አላወጧትም።»

ሆራ ክንዱን ለቀቀው። በዚያው የሐኪሙ በቅሎዎች ደረሱና ሰዉ ቦታ ለመያዝ ተጋፋ፤ መሰለች የልጇን እጅጌ ሰብስባ ከፊት ቆመች።

እስከ ገና ድረስ ከመቂ እስከ ቡልቡላ ስንት ሰው እንደተቀበረ የመዘገበ የለም። ጉተማ ጣቢያው ላይ ጨው ማራገፍ ገባ። ዘርፉ ለእናቷ ደብዳቤ ጻፍልኝ ብትለው እንኳ እምቢ አላት።