ኩርሽም የሚል ቆዳ

ሥራዬ ማታለል ነው ብል ሥራ አስኪያጁ ይቆጣል፤ ስለዚህ «ማሳየት» እለዋለሁ። በአንድ ትልቅ የቤት ዕቃ መደብር መግቢያ ላይ ነጭ ሽርጥ አድርጌ፣ ኤር ፍራየር የሚባለውን በሙቅ አየር የሚያበስል ማሽን ፊቴ ደቅኜ፣ ቀኑን ሙሉ ሳልመን ዓሣ አበስላለሁ። ቆዳው ወደ ላይ፣ ሁለት መቶ ዲግሪ፣ አሥር ደቂቃ። ማሽኑ ሲጮህ መሳቢያውን እስብና በቢላዋ ጀርባ ቆዳውን ቷ ቷ አደርገዋለሁ። ሰው ዞር የሚለው ለዚያ ድምፅ ነው። ከዚያ በትንሽ በትንሹ ቆርጬ፣ በስቴኪኒ እየወጋሁ አቀምሳለሁ። «ጠብታ ዘይት የለውም፣ ለልብ ጥሩ ነው፣ ስሙት እስቲ ኩርሽም ሲል» እላለሁ። ይገዛሉ።

የማልናገረው ነገር አለ። ያ ዓሣ ከትናንት ጀምሮ የተለፋበት ነው። መደብሩ ሊዘጋ ሲል ጓዳ እገባና እያንዳንዱን ቁራጭ በወጥ ቤት ሶፍት አደርቀዋለሁ። ቆዳውን በቢላዋ ጀርባ ደጋግሜ እፍቀዋለሁ፤ ቆዳ ውስጥ ያደፈጠው ውሃ ሁሉ ቢላዋው ላይ ይወጣል። መልሼ አደርቀዋለሁ። ጨው ነስንሼ፣ ሳልከድን፣ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ስመጣ ቆዳው እንደ ወረቀት ደርቆ ይጠብቀኛል። ሚስጥሩ ይኸው ነው፣ ሌላ የለም። ማሽኑማ ማሽን ነው፤ እርጥብ ከሰጡት እርጥብ ይመልሳል።

በመጀመሪያው ሳምንት ለአንዲት ገበያተኛ ይህንኑ ስነግራት ሥራ አስኪያጁ ሰማኝ። ወደ ጓዳ ጠራኝ። በልጄ ዕድሜ ሆኖ አንቺ ይለኛል።

«ስሚ፣ ሰው ይሄን የሚገዛው ቁልፍ ተጭኖ የሚበላ መስሎት ነው። ሶፍት፣ ፍሪጅ፣ ማሳደር ስትዪው ጥሎሽ ይሄዳል። በፊት የሚደረግ ነገር አለ ወይ ብሎ ከጠየቀሽ፣ ምንም በይው።»

«ልዋሽ ነው የምትለኝ?»

«ያንቺ ዓሣ ኩርሽም ይላል አይልም?»

«ይላል።»

«እንግዲያ ምኑ ላይ ነው ውሸቱ?»

እኔ ደግሞ እንጀራ ፈላጊ ነኝ። «ምንም» ማለት ለመድኩ።

ከዚያ በፊት ሃያ ስምንት ዓመት የሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ የዓሣውን ክፍል የምመራው እኔ ነበርኩ። አምስት ወንዶች በእኔ ትእዛዝ ይሠሩ ነበር፤ ስገባ ጨዋታቸውን ያቆማሉ። ሆቴሉ ሲዘጋ አምስቱም ሌላ ሆቴል ገቡ። እኔን ግን ዕድሜዬን ጠየቁኝና «እንደውልልሻለን» አሉኝ። እስካሁን እየደወሉ ነው።

ወደዚያ ሙያ እጄን ይዞ ያስገባኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። እሱ የጭነት መኪና ረዳት ሆነ፤ ኋላም ሹፌር ሆኖ አሳደገኝ፣ የምግብ ዝግጅት ትምህርት ቤትም አስገባኝ። መንገድ ላይ ባገኘው ሰው ሁሉ ፊት «እህቴ እኮ ሼፍ ናት» ማለት ልማዱ ነበር። ጥብስ ነፍሱ ነው፤ የዓሣ ቆዳ ካገኘማ ሥጋውን ለሌላው ትቶ ቆዳውን ይቆረጥማል። «ጥርስ ላይ ድምፅ የሌለው ምግብ የሕመምተኛ ምግብ ነው» ይል ነበር።

መደብሩ ውስጥ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ሁለት ጡረተኛ ሹፌሮች አስከትሎ መጣ። ከአልጋ ልብሶቹ መደርደሪያ ጋ ቆመው አዩኝ። ድምፁ ሁልጊዜ እንደ ሞተር ነው፤ ሹክ ያለ መስሎት መደብሩን አሰማው።

«ያቻትላችሁ የኔ ሼፍ። ሆቴሉን ሁሉ ስታንቀጠቅጥ ኖራ፣ አሁን መንገደኛ በስቴኪኒ ታቀምሳለች።»

ሳቁ። እሱም ሳቀ። ኋላ ሚስቱ እንደነገረችኝ እዚያ ቆሜ ማየቱ አንጀቱን በልቶት፣ እንባው እንዳይመጣ ነው የቀለደው። ይሆናል። እኔ ግን የሰማሁት ሳቁን ነው። የወጋሁት ቁራጭ ከስቴኪኒው ወርዶ መሬት ወደቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ አልሄድኩም። ስልኩን አላነሳሁም። ቂም መያዝ ላይ ማንም አይደርስብኝም፤ ይኼንን ደግሞ ከማንም ሳይሆን ከእሱ ነው የወረስኩት።

ዓመት ሳይሞላ ልቡን ታመመ። ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ተኝቶ አገኘሁት፣ እግሩ ሥር ትንሽ ቆሜ፣ ሳይነቃ ወጣሁ። ሐኪሙ ጥብስ በቃ ብሎታል፤ ዘይት የነካው ነገር እንዳይቀርበው። ዓሣ ግን ይብላ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ሚስቱ ቀቅላ ስትሰጠው ሳህኑን እየመለሰ «እኔ ድመት ነኝ?» ይላት ነበር። ይህንን ሁሉ በስልክ ትነግረኝ ነበር፤ የሷን ስልክ አነሳለሁ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ ፊቴ ሰባት ስምንት ሰው ተሰልፎ ሳቀምስ፣ ቀና ስል ጋሼ ከሰልፉ መጨረሻ ቆሟል። ብቻውን ነው። ኮቱ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ያ የሰፋ ትከሻ የት እንደሄደ እንጃ። ወደ ፊት ቢመጣ ማን ይከለክለው ነበር? አልመጣም። ለሰዉ «ቆዳው ወደ ላይ፣ ሁለት መቶ፣ አሥር ደቂቃ» ስል እየሰማ ተራውን ጠበቀ። እያንዳንዱ ሰው ቀምሶ ሲሄድ አንዳንድ እርምጃ እየተጠጋ፣ መጨረሻ ላይ ፊቴ ቆመ። ቁራጭ ወግቼ ሰጠሁት። ዓይኑን ጨፍኖ አኘከ። ቆዳው አፉ ውስጥ ሲሰበር እኔም ሰማሁት።

«ቤትም ሲሠሩት እንዲህ ኩርሽም ይላል?» አለኝ። ስሜን አልጠራም፣ እህቴም አላለኝም።

«ይላል ጌታዬ» አልኩት፣ ለማንም እንደምለው።

«ዘይትስ?»

«ጠብታ የለውም።»

«በፊት የሚደረግ ነገር አለ?»

ሥራ አስኪያጁን በዓይኔ ፈለግኩት። ከወዲያኛው ጥግ ጀርባውን ሰጥቶኝ ከዕቃ ጫኚዎች ጋር ይጨቃጨቃል። ስለዚህ በእሱ ማሳበብ አልችልም። እውነቱ አፌ ውስጥ ነበር፤ «አድርቀው፣ አሳድረው» ለማለት ሁለት ቃል ነው የሚፈጀው። ሳቁ ግን ጆሮዬ ላይ ነበር። ቤቴ ይምጣ፣ አልኩ በሆዴ። ቤቴ መጥቶ፣ እህቴ ብሎ፣ ይቅርታ ጠይቆ ይጠይቀኝ፤ ያኔ ሁሉንም እነግረዋለሁ።

«ምንም የለም ጌታዬ። አስገብተው ቁልፉን መጫን ብቻ ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። ማሽኑን ገዛ፤ ካርቶኑን በሁለት እጁ አቅፎ፣ በር ላይ አንዴ አረፍ ብሎ ወጣ። ከኋላው የቆመችው ሴት «ተራው የኔ ነው» እስክትለኝ ድረስ በሩን እያየሁ ነበር።

በሳምንቱ ሚስቱ ደወለች።

«ኧረ እህቴ፣ ያ ማሽናችሁ ምን ነክቶት ነው? ቆዳው እርጥብ ጨርቅ ሆነ እኮ። ዛሬም እንደዚያው።»

«እሱ ምን አለ?»

«ምን ይላል፣ ዝም ብሎ ያየዋል። ምን ጎድሎት እንደሆነ ንገሪኝና እኔ ልሥራለት።»

«ራሱ ይደውልልኝ።»

«አንቺም እሱም ያው ናችሁ። ምናለ አሁን ብትነግሪኝ?»

«ራሱ ይደውል አልኩሽ።»

አልደወለም። እኔም አልደወልኩም። ጠዋት ጠዋት የደረቀውን ዓሣ ከፍሪጅ ሳወጣ ትዝ ይለኛል፤ ዛሬ ይደውላል እላለሁ፣ ቀኑ ይመሻል። እንዲያ እያልኩ ሁለት ወር ሄደ። እሱ ለካ መጥበሻውን አውጥቶ በዘይት መጥበስ ጀምሯል።

ሲወድቅ ወጥ ቤት ውስጥ ነበር። ስትሮክ ነው አሉ፤ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፣ አፉ ተጣመመ፣ መዋጥ አቃተው። ሐኪሞች ጥፋቱን አንድ ነገር ላይ አይጥሉም፤ ዕድሜው፣ ልቡ፣ ደሙ ይላሉ። እኔ ግን የት ላይ እንደምጥለው አውቃለሁ።

ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ እንደገባ፣ ከመደብሩ ጓዳ አንድ ያደረ ቁራጭ በሳህን ይዤ ሄድኩ። ዓመት ከመንፈቅ ያልረገጥኩት ቤት ነው። ሚስቱ በሩን ከፍታ አቀፈችኝ፤ አልወቀሰችኝም፤ ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ቀጥታ ወጥ ቤት ገባሁ። ማሽኑ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። ፊቱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ በዚያ የሹፌር ጽሕፈቱ፣ በትልልቁ፣ የኔን ቃል አንድ በአንድ ጽፎታል፦ ቆዳው ወደ ላይ። ሁለት መቶ። አሥር ደቂቃ። ዘይት የለም። በፊት የሚደረግ ምንም የለም። ከሥሩ በሞከረ ቁጥር መስመር እያሰመረ ቆጥሯል። ዘጠኝ መስመር ነው።

«ዘጠኝ ጊዜ ሞከረ» አለችኝ ሚስቱ ከኋላዬ። «ማሽኑ ውሸታም ነው፣ እንመልሰው ስለው፣ ‹እህቴ ዋሽታኝ አታውቅም፣ እሷ ካለች ልክ ነው፣ የኔ እጅ ነው ያበላሸው› አለኝ። ደውልላት ስለው፣ ‹ቁልፍ መጫን አቃተኝ ብዬ መሳቂያዋ ልሁን?› አለ። መጨረሻ ላይ ተስፋ ቆርጦ መጥበሻውን አወረደ።»

ዓሣውን አስገባሁ፣ ቁልፉን ተጫንኩ። በዚያ አሥር ደቂቃ ውስጥ ወረቀቱን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። ማሽኑ ጮኸ። ቆዳው ወርቅማ ሆኖ ዳር ዳሩ ተጠቅልሏል፤ ሆቴል ሳለሁም እንዲህ አምሮልኝ አያውቅም።

ይዤለት ገባሁ። ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ አገጩ ሥር ፎጣ ተደርጎለታል። ጎኑ ባለው ወንበር ላይ የተፈጨ ነገር በጎድጓዳ ሳህን አለ፤ ከዚያ ሌላ እንዳይውጥ ተከልክሏል። ይህንን ሳላውቅ አይደለም ያመጣሁት። ምናልባት እንዲያየው ነው። ምናልባት ኩርፊያችንን ዓሣው እንዲጨርስልን ነው፤ እኔ አፍ የለኝማ።

«ጋሼ» አልኩት።

አየኝ። የዳነችው ግማሽ ፊቱ ፈገግ አለች። ሳህኑን ጭኑ ላይ አስቀምጬ በቢላዋ ጀርባ ቆዳውን ቷ ቷ አደረግኩት። ከዚያ ሰበርኩት። ኩርሽም አለ። ዓይኑን ጨፈነ፣ ልክ እንደዚያ ቅዳሜ። አፉ ባዶውን አኘከ፤ ምራቁ በፎጣው ላይ ወረደ፣ ጠረግኩለት።

ከዚያ ተናገረ። ቃሉ እየተጎተተ ነው የሚወጣው፣ ጎንበስ ብዬ ነው የሰማሁት።

«ምን... ረስቼ ነው?»

«ምንም አልረሳህም ጋሼ። ቆዳው ቀድሞ መድረቅ አለበት። ጨው ተደርጎበት፣ ፍሪጅ ውስጥ ተገልጦ ያድራል። ያ ብቻ ነው።»

አሰበበት። እንደ ድሮው፣ መኪናው ሲበላሽበት ሞተሩን ከፍቶ እንደሚያየው፣ ግንባሩን ቋጥሮ አሰበበት።

«አል...ነገርሽኝም።»

ይቅር በለኝ፣ በድዬሃለሁ ማለት ነበረብኝ። ከመደብሩ ከወጣሁ ጀምሮ አፌ ውስጥ ይዤው የመጣሁት ቃል ያ ነበር። ግን ምላሴ የለመደው ሌላ ነው።

«አልጠየቅከኝማ!» አልኩት።

ጋሼ ጤነኛ እጁን ከብርድ ልብሱ አወጣ። ሳህኑን ከጭኑ ላይ ቀስ አድርጎ ወደ እኔ ገፋው። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ፤ ግራ የገባው ሰው ዓይን ብቻ ነው ያየሁት።

«ጠየቅኩሽ» አለ። «ሰልፍ... ይዤ።»